የኤርንስት ኖታ

ጥቅምት 10 ቀን 1992፣ ሐሙስ

በፈረንጅ 1999 ነው። ለራሴ ስጽፍ ግን በእኛው ነው የምቆጥረው። ጎንደር እስከ አሥረኛ ክፍል የተማርሁት በዚሁ ስለሆነ ሌላው እጄ ላይ አይመጣም። አሠሪዬን ግቬሬት ሊሊንም፣ ወይዘሮ ሊሊን ማለት ነው፣ በዕብራይስጥ «አንቺ» ነው የምላቸው፣ ቋንቋው ሌላ የለውም። እዚህ ደብተር ላይ ስጽፋቸው ግን አንቱ ይሆኑብኛል። የሰማንያ ሦስት ዓመት ሴት ናቸው።

ዛሬ አራት ስስ መጻሕፍት ከመደርደሪያው አስወረዱኝ። እሳቸው ቤት እየተንከባከብኋቸው ስሠራ አምስት ዓመቴ ነው፣ አቧራቸውን ስጠርግ አንድ መጽሐፍ ይመስሉኝ ነበር። የአራት ሰው ሙዚቃ ነው፤ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ። ድሮ ሲያትሙት ለእያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ኖታ ብቻ ለይተው ነው። አንዱ የሌላውን አያይም። የሚገናኙት ሲጫወቱ ነው። ቪየና ነው የታተመው፣ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። ሙዚቃውን የደረሰውን ሰውዬ ዛሬ የሚያስታውሰው የለም፣ እንደገናም ያሳተመው የለም።

የቪዮላው ኖታ የባላቸው ነበር። ኤርንስት ይባላሉ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው የሞቱት። በየገጹ በእርሳስ ጽፈውበታል። ሊሊ እያነበቡ ተረጎሙልኝ፤ «እዚህ ጋ ቀስ»፣ «እዚህ ጋ ሊሊን ጠብቅ»። ሊሊ ሁለተኛውን ቫዮሊን ይጫወቱ ነበር። አሁን ጣታቸው አልታጠፍ ብሏል።

የኤርንስት ኖታ ክሩ ተበጥሶ ገጾቹ እየወጡ ነው። ታልፒዮት ሰፈር ወዳለው መጽሐፍ ጠራዥ ውሰጂልኝ አሉኝ። የሀኑካ በዓል ሲያልቅ ልጃቸው ሚሪ የአረጋውያን ቤት ልታስገባቸው ነው። ከዚያ በፊት የድሮ ጓደኞቻቸው መጥተው ይህንን ሙዚቃ ሳሎን ውስጥ ሊጫወቱላቸው ቃል ገብተዋል። በኤርንስት ወንበር ከሙዚቃ ትምህርት ቤት የምትመጣ ልጅ ትቀመጣለች፣ የእሳቸውን ኖታ እያየች፣ እርሳሳቸውን እያነበበች።

«ሌላ ምንም አልፈልግም፤ እሱን ሰምቼ ልውጣ» አሉኝ።

ታልፒዮት ስደርስ ጠራዡ ዘግቶ ነበር። ይዤው ቤት መጣሁ።

ጥቅምት 11፣ ዓርብ

ጠራዡ ዓርብ አይሠራም። ገበያ፣ ልብስ፣ የሰንበት ምግብ። ኖታው በፌስታል ሆኖ የቤታችን መግቢያ ላይ፣ የጫማ መደርደሪያው አናት ላይ ነው።

አባቴ ምንድነው አሉኝ። ዜማ የተጻፈበት ነው፣ እጅግ አሮጌ ነው አልኋቸው። ሄደው እጃቸውን ታጠቡና መጥተው ከፈቱት። የዕብራይስጡንም የፈረንጁንም ፊደል አያውቁም። መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት። «ከጫማ ጋር?» አሉኝ። ድስቱ ሊያርርብኝ ነበር። እሑድ እወስደዋለሁ ብዬ ሮጥሁ።

ጥቅምት 14፣ ሰኞ

ትናንት ሊሊን ይዤ ሐኪም ቤት ስዞር ዋልሁ፣ ታልፒዮት አልሄድሁም። ዛሬ ጠዋት ፌስታሉ አለ፣ ኖታው የለም። ልጄን አልማን ቀሰቀስኋት። «ኢማ፣ እኔ ምን ላድርገው?» ብላ ተኮሳተረች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እውነቷን ነው። ከአልጋ ሥር የለም። ከቁም ሣጥን የለም። አባቴ ለጸሎት ወጥተዋል። አውቶቡሱ አመለጠኝ።

ማታ

አባቴ ናቸው።

ከጸሎት ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኋቸው። «አርፏል» አሉኝ፣ ፊታቸው በርቶ። ባለፈው ሰንበት የጸሎት ቤቱ ኃላፊ ያረጀ ቅዱስ ጽሑፍ አይጣልም፣ አይቃጠልም፣ እንደ ሰው ይቀበራል ብሎ ሲናገር በአስተርጓሚ ሰምተዋል። የሚጠራቀምበትን ሣጥንም አሳይቷቸዋል፣ ጌኒዛ ይሉታል። ትናንት ጠዋት ኖታውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ የሚያውቁትን ጸሎት በግዕዝ ደግመውለት፣ በእጃቸው ሣጥኑ ውስጥ ከተቱት።

«የሊሊ እኮ ነው አባየ» አልኋቸው።

«የእርሷስ ቢሆን? ልጆቿ አላደረጉላትም። ንገሪያት፣ ደስ ይላታል።»

«የጸሎት ላይሆን ይችላል።»

ሳቁብኝ። «ዜማ ነው አላልሽኝም? ለሰርግ ወረቀት ይዞ የሚዘፍን አይተሻል? ሰው ዜማ የሚጽፈው ለእግዚአብሔር ነው።»

ምን ልበላቸው? ደምቢያ ሳሉ ከቄሱ ጎን ሆነው ኦሪት የሚሸከሙ እሳቸው ነበሩ። እዚህ ከመጣን ስምንት ዓመት ማንም ምንም ጠይቋቸው አያውቅም። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሰፈራችንን የፒስጋት ዜኤቭን ሕንፃ ያያሉ። ትናንት ማንንም ሳይጠይቁ ማድረግ የሚገባቸውን ያወቁበት ቀን ነበር።

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ ጸሎት ቤቱ ሮጥሁ። ሣጥኑ ባዶ ነው። በበዓላቱ ሞልቶ ስለነበር ዛሬ ረፋድ ላይ መኪና መጥቶ ወስዶታል። ጊቫት ሻኡል፣ መቃብር።

ጥቅምት 15፣ ማክሰኞ

ለሊሊ ልጄን አሟታል ብዬ ጊቫት ሻኡል ሄድሁ። አንድ ሠራተኛ ቦታውን አሳየኝ። ትልቅ ጉድጓድ ነው፣ ግማሹ አፈር ለብሷል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ከየሰፈሩ የመጣ ጆንያ ተቆልሏል። የትኛው የእኛ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ሬሳ ብትጠይቂኝ መዝገብ አለው። ለወረቀት መዝገብ የለንም» አለኝ። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ውሃ ሰጠኝ። ልውረድና ልፈልግ ብዬ ለመንሁት፤ የተቀበረ አይወጣም፣ ሕግ ነው አለኝ። ስወጣ ዶዘሩ አፈሩን እየገፋ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ገባሁ። ሊሊ መጀመሪያ ስለ ልጄ ጠየቁኝ። አፈርሁ። ቀጥለው «ጠራዡ ምን አለ?» አሉኝ።

«ጊዜ ይፈልጋል አለ» አልኋቸው። ከአፌ ወጣ። ነገ እነግራቸዋለሁ።

ጥቅምት 16

አልነገርሁም። ራሳቸውን አሟቸው ነበር።

ጥቅምት 17

ሚሪ እቤት ዋለች። በእሷ ፊት አይሆንም።

ጥቅምት 20፣ እሑድ

ሊሊን ጸሐይ ላሙቃቸው ብዬ በጋሪ ወንበር ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና አወጣኋቸው። ከሃነቪኢም መንገድ መታጠፊያ እስከ ደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ ጥላ የለም፣ ይወዱታል። እዚያ ሸዋረገጥን አገኘሁ፤ ግቢው ውስጥ የምትኖር የጎንደር ልጅ ናት፣ የመነኮሳቱን ልብስ ታጥባለች። ክርስቲያን ናት፣ እኔ ቤተ እስራኤል፤ አገር ቤት ብንሆን አንድ ማድ አንቀርብም ነበር። እዚህ ግን ከእሷ ሌላ ሆዴን የምነግረው ሰው የለኝም። ሊሊ አጠገባችን ተቀምጠው እያንቀላፉ በአማርኛ ሁሉንም ነገርኋት።

«ንገሪያት» አለች ሸዋረገጥ። «አባቴ ሽማግሌ ናቸው፣ ሳያውቁ ነው በያት። ምን ከባድ ነገር አለው?»

«አባቴ ሌባ ሊባሉ ነው።»

«ማን ይላቸዋል? እኒህ?» ሊሊን በአገጯ አመለከተች።

«ልጃቸው።»

«እና የምትፈሪው ለአባትሽ ነው ወይስ እዚህ ቤት እንዳትገቢ?»

ጋሪውን ይዤ ሄድሁ። በሰው ቁስል ላይ እንዲህ ይባላል? የማዝነው ለአባቴ ነው። አንድ ደስታ ነው ያላቸው፣ እሱን ነጥቄ ምን ልሰጣቸው ነው?

ሊሊ ነቅተው ኖሮ፣ «ተጣላችሁ?» አሉኝ። አልተጣላንም አልኋቸው። እጄን ያዙኝና እስከ ቤት አልለቀቁኝም።

ጥቅምት 23

«ጠራዡ ደወለ?»

«አልደወለም።»

ይኼኛው እንኳ ውሸት አይደለም።

ጥቅምት 28፣ ሰኞ፣ ስግድ

ለበዓላችን ከጠዋት ጀምሮ አርሞን ሃናፂቭ ኮረብታ ላይ ነበርን። ከየከተማው አውቶቡስ መጥቷል። ቄሶቹ ጥላቸውን ዘርግተው ከላይ ቆመዋል፣ ሕዝቡ ከታች፣ ሽማግሌዎቹ በነጭ ልብስ፣ ልጆቹ ጂንስ ለብሰው በስልካቸው እያወሩ። አባቴ ከፊት ካልቆምሁ ብለው አልማን እጇን ይዘው እየገፉ ገቡ። ጾማቸውን ቀጥ ብለው ቆሙ፤ እቤት ከወንበር ለመነሳት የሚያቃስቱት ሰው።

ጸሎቱ ሲያልቅ ጋሽ ዘመነን አገኙ፣ የደምቢያ ጎረቤታችንን። አባቴ ነገሩን አነሱላቸው። ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው የዜማ መጽሐፍ፣ ከጫማ በላይ ተጥሎ፣ ክሩ ተበጥሶ። እሳቸው ሲያነሱት። ነጩ ጨርቅ። ሲናገሩት አሳጠሩት እንጂ አላስረዘሙትም፣ ሊኩራሩ አይፈልጉም። ጋሽ ዘመነ ግን ተነሥተው በቆሙበት መረቋቸው። «ያነሳኸው ያንሳህ፣ የሸፈንኸው ይሸፍንህ» አሏቸው። ሌሎችም አሜን አሉ። አልማ እንኳ «ሳባ ጻዲቅ ነው» አለች፣ አያቴ ጻድቅ ነው ማለቷ ነው፣ ዕብራይስጡን ካማርኛው ደባልቃ።

እኔም አሜን አልሁ። ምን ልል ነበር?

ዛሬ ማታ ሳስበው፣ ያን ጊዜ ሰው መሐል ሳይሆን መንገድ ላይ ስንመለስ ልነግራቸው እችል ነበር። ደክሟቸው ትከሻዬ ላይ ተኙ። ሽማግሌ እንዴት ይቀሰቀሳል? ምክንያት አላጣም እኔ። በየቀኑ አንድ አገኛለሁ። ለአባቴ ስል ነው እያልሁ ለሊሊ እዋሻለሁ፣ ለሊሊ ስል ነው እያልሁ አባቴን አላናግርም። ሁለቱንም ማሳዘን ስለማልችል ሁለቱንም እያታለልሁ ነው። እንዲህ ስጽፈው ያስጠላል። ግን ምን ላድርግ? ጉድጓዱ ተሞልቷል። ብናገር ኖታው አይመጣ።

ኅዳር 4፣ እሑድ

ሊሊ ራሳቸው ለጠራዡ ደወሉ። እኔ አልጋ እያነጠፍሁ ነበር። ስልክ ማውጫው ላይ ቁጥሩን በማጉያ መነጽር ፈልገው አግኝተውታል። ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰማሁ። «እንዴት አልመጣልኝም ይላሉ?»

ስልኩን ዘጉ። ጠራዡ አርጅቷል፣ የት እንዳደረገው ጠፍቶት ነው የሚክደው አሉኝ። ቀጥለው «ደረሰኝ ሰጥቶሽ ነበር?» አሉኝ።

አልሰጠኝም አልሁ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጠይቂው ማለት ነበረብኝ» አሉ።

ኅዳር 5

ሚሪ ለጠራዡ ደውላ ጮኸችበት። ጠበቃ እይዛለሁ አለችው። ወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁ፣ ውሃ ከፍቼ።

ኅዳር 7፣ ረቡዕ

በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ጎበጥ ያለ ሰው ነው፣ ጣቱ ላይ ሙጫ የደረቀበት፣ ኮፍያውን በእጁ የያዘ። «ያይር ነኝ፣ ጠራዡ» አለኝ። ከታልፒዮት ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ነው የመጣው። ፊቱን እስከ ዛሬ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ያየሁት የተዘጋ በሩን ብቻ ነው።

ተቀመጥ ቢሉት አልተቀመጠም። «ግቬሬት፣ ለአንቺም ለኤርንስትም ሃያ ዓመት ጠርዣለሁ። አንድ ገጽ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ይኼ መጽሐፍ እኔ ጋ አልመጣም። ብቻዬን ነው የምሠራው፣ ሌላ ሰው አልተቀበለውም። ማን አመጣው?»

ሊሊ ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም። «ትሁን ናት። ትሁን አትዋሽም። አምስት ዓመት ገላዬን ያጠበች ሰው ናት።»

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። «ለእኔ ነው የሰጠሽው?» አለኝ። ቁጣ የለበትም። ሊያስታውሰኝ እየሞከረ ነበር፤ ምናልባት እውነትም ረስቼው ይሆን ብሎ ራሱን መጠርጠር እንደጀመረ አየሁበት። ሊሊም መልሴን ጠበቁ።

ሻዩ እየፈላ ነው ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ። ሻይ አልጣድሁም ነበር። የበሩን መዘጋት እስክሰማ ድረስ እዚያው ቆምሁ።

አንድ ሽማግሌ ሰው እጁ ላይ ጥርጣሬ ጭኜ ላክሁት።

ኅዳር 8

የያይርን ቁጥር ደወልሁ። ሲያነሳ ዘጋሁት።

ኅዳር 13፣ ማክሰኞ

ሌላ ቅጂ ቪየና ቤተ መጻሕፍት ሊኖር ይችላል ብለው ሊሊ ጽፈው ነበር። መልስ የለም። ቢመጣስ፣ «ሊሊን ጠብቅ» የሚል እርሳስ የለበትም።

ሚሪ «ፎቶ ኮፒ ማድረግ ነበረብሽ» አለቻቸው። ሊሊ ሳህናቸውን ገፉት።

የቪዮላዋ ልጅ ቀርታለች፣ ምን አይታ ትጫወት? ጓደኞቻቸው ዝግጅቱ ይቅር ቢሏቸው ሊሊ እምቢ አሉ። «ሦስታችሁ ተጫወቱ፤ ወንበሩን ግን አስቀምጡለት» አሏቸው። ብርድ ከገባ ወዲህ ከስተዋል። ሳጥባቸው የትከሻቸው አጥንት ይወጋኛል።

ኅዳር 20፣ ማክሰኞ

ለዝግጅቱ አባትሽን ይዘሽልኝ ነይ አሉኝ። «በዕድሜ እኩያዬ ናቸው፤ አምስት ዓመት ሙሉ ልጃቸውን ሰጥተውኝ አንድ ቀን አላየኋቸውም። መሄዴ ነው።» ብርድ አይችሉም አልኋቸው። ታክሲ አስመጣላቸዋለሁ አሉ። ምክንያት የማላጣው ሴትዮ ዛሬ አጣሁ።

ለአባቴ ስነግራቸው ነጭ ልብሳቸውን ቶሎ እጠቢልኝ አሉኝ። «ስለ መጽሐፉ ነግረሻት ነዋ!»

ኅዳር 24

ሀኑካ ገብቷል። አባቴ ይህን በዓል አገር ቤት አያውቁትም ነበር፤ አልማ ሻማውን ስትለኩስ እያዩ አሜን ይላሉ። ዛሬ ሰንበት ስለሆነ ከአጠገባቸው ተቀምጬ ዋልሁ። ሦስት ጊዜ «አባየ» አልሁ። ሦስት ጊዜ «ወዬ» አሉኝ። ውሃ ልስጥዎ፣ ጋቢ ልደርብልዎ፣ መስኮቱን ልዝጋው።

ኅዳር 27፣ ማክሰኞ

እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ አባቴን ይዤ ሄድሁ። አልማ አልመጣም ብላ ከጓደኞቿ ጋር ወጣች። ሊሊ አባቴን ሲያዩ ለመነሳት ሞከሩ፣ አባቴ በሁለት እጃቸው አስቀመጧቸው። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም፣ ግን ተግባቡ፤ ጉልበታቸውን እያሳዩ በምልክት ያመኛል ያመኛል ተባባሉ። ሊሊ ሳቁ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ሦስቱ ሽማግሌ ጓደኞቻቸው ተቀመጡ። አራት ወንበር፣ አራት የኖታ ማስቀመጫ። አራተኛው ባዶ ነው። ሲጀምሩ ሙዚቃው መሐሉ ላይ ጥርስ የወለቀበት አፍ ሆነብኝ። እኔ ሙዚቃ አላውቅም፤ ግን ያን ጉድለት የሠራሁት እኔ ስለሆንሁ ይሰማኛል። አባቴ ደስ ብሏቸው እጃቸውን አጣምረው ያዳምጣሉ።

አንድ ቦታ ላይ ሦስቱም የመምቻ ቀስታቸውን አንስተው ዝም አሉ። ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም። ቪዮላው ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ ነው። ሊዘሉት ይችሉ ነበር፤ አልዘለሉትም፤ እየቆጠሩ ጠበቁለት። ሊሊ ዓይናቸውን ጨፍነው ጉልበታቸውን በጣታቸው ይመታሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሚሪ ማልቀስ ጀመረች።

«ምን ሆኑ?» አሉኝ አባቴ በሹክሹክታ።

«አራተኛውን እየጠበቁ ነው።»

«የት ሄደ?»

ወለሉን አየሁ። እሳቸው ግን ማየት ጀመሩ። ሦስቱን መጻሕፍት አንድ በአንድ አዩአቸው፤ ያው ሰማያዊ የደበዘዘ ሽፋን፣ ያው ጥቁር መስመር፣ ያው የተበላ ጠርዝ። ባዶውን ማስቀመጫ አዩት። እኔን አዩኝ። ሙዚቃው እንደገና ሲጀምር እሳቸው ከዚያ በኋላ አልሰሙም።

ሲያልቅ ማንም ሳያጨበጭብ አባቴ ተነሡ። ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩት። ሄደው እግር ሥር ተንበረከኩና የሊሊን ጉልበት ያዙ።

«እመይቴ፣ ሳላውቅ ነው። የእግዚአብሔር ቃል መስሎኝ የቀበርሁት እኔ ነኝ። ባልዎን ሁለተኛ ቀበርሁብዎ። ይፍረዱብኝ።»

ሊሊ ደነገጡ። «ምን አሉ? ትሁን፣ ምን አሉ?» ሚሪ ታየኛለች። ቼሎውን የያዘው ሰውዬ ያየኛል። ክፍሉ ሁሉ እኔን ይጠብቃል። አባቴ ከመሬት ሆነው ይጠብቁኛል።

«ሙዚቃው በጣም ያፌ ነው፣ እግዚአብሔር ጤና ይስጥዎ እያሉ ነው» አልሁ በዕብራይስጥ።

ሊሊ ዓይናቸው እንባ ሞላ። የአባቴን ራስ ዳሰሱ፣ «ቶዳ፣ ቶዳ» ብለው አመሰገኗቸው።

አባቴ ዕብራይስጥ አያውቁም። ያፌን ግን ያውቃሉ። አልማ ትንሽ ልጅ ሆና ሥዕል ስታመጣላቸው የሚሏት ያንን ነበር፣ ቆንጆ ማለት ነው። ካሉበት ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ በራሳቸው ጊዜ ተነሡ፣ ምርኩዛቸውን አቀበልኋቸው፣ አልተቀበሉኝም። ጎንበስ ብለው ሌላ ጫፉን ይዘው ከእጄ ሳቡት።

በታክሲ ተመለስን። ቤት ገብተው ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«መቼ ነው ያወቅሽ?» አሉኝ።

«የዚያኑ ለት።»

«ስግድ ለት ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ስመረቅ አሜን አልሽ።»

ለእርስዎ ብዬ ነው አልኋቸው። እንዳያዝኑ ብዬ ነው። ያይርንም ነገርኋቸው፣ ሁሉንም፣ አንዴ ከጀመርሁ ማቆም አቃተኝ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እኔ ሳላውቅ ቀበርሁ። አንቺ እያወቅሽ ነው የቀበርሽ። ዛሬ ደግሞ ቃሌን ቀበርሽው» አሉኝ። ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

ኅዳር 28፣ ረቡዕ

ስነሣ አባቴም አልማም የሉም። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ አልማ እስከ እኩለ ቀን መተኛት ነበረባት። ነጩ ልብስ ከመስቀያው ላይ የለም።

የት እንደሄዱ አውቄአለሁ። ተከትዬ መሄድ እችል ነበር። የሥራ ሰዓቴም ደርሶ ነበር። ካፖርቴን ለብሼ በሩ ሥር ወንበር ላይ ተቀመጥሁ፤ እስኪመለሱ ድረስ ከነካፖርቴ እዚያው ነበርሁ።

ከቀትር በኋላ መጡ። አባቴ በአጠገቤ አልፈው ወደ በረንዳቸው ሄዱ። አልማ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች፣ ግማሽ በዕብራይስጥ ግማሽ በአማርኛ ነገረችኝ።

«ሳባ ረጅም ረጅም ተናገረ። ግማሹን አልገባኝም፣ ከባድ አማርኛ ነው። እኔ አጭር አደረግሁት። አያቴ መጽሐፍሽን ከቅዱስ መጽሐፍ ጋር ቀበረው፣ ይቅርታ ይላል፣ አልኋት።»

«ምን አሉ?»

«ጸሎት አድርጎለታል ወይ ብላ ጠየቀች። ሳባ ሙሉውን አድርጌለታለሁ አለ። ኤርንስት ጸሎት አይወድም ነበር ብላ ሳቀች፣ ኢማ፣ እያለቀሰች ሳቀች። ሳባን እዚያ ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ሻይ ራሷ አመጣች፣ እየፈሰሰባት። ከዚያ ስልክ አቀብዪኝ አለችኝና አንድ ያይር ለሚባል ሰው ደወለች። ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ አለችው።»

«ስለ እኔስ?»

አልማ ጥፍሯን ማየት ጀመረች።

«ትሁን ይህን ሁሉ ጊዜ ታውቅ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምን ልበል? ሳባ መንገድ ላይ ነግሮኛል። አዎ አልኋት። ነገ ሚሪ ሌላ ሰው ታመጣለች አለች። አልተቆጣችም፣ ኢማ። ደክሟታል።» ከወንበሩ ሥር ፌስታል አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይሄን ስጫት አለችኝ።»

እዚያ ቤት ሥራ ላይ የማደርገው ነጠላ ጫማ ነው። ታጥቧል። በእነዚያ በማይታጠፉ ጣቶቻቸው።

አባቴ በረንዳ ላይ ናቸው። ገብቼ ልቀመጥ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ወንበር ጠጋ አደረጉልኝ፣ ወይም ጋቢያቸውን ለማስተካከል ነበር የተንቀሳቀሱት፣ አላውቅም። አልወጣሁም። እዚህ ተቀምጬ እጽፋለሁ፣ ካፖርቴንም ገና አላወለቅሁም።